በእጃችን ላይ ያለው ቆጣሪ የማን ነው?

(ስለ ተለባሽ ቴክኖሎጂ በተዘጋጀ የውይይት መድረክ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ከአንድ ቁማር ቤት ልጀምር። ዘመኑ 1961 ነው፤ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ። ቦታው ላስ ቬጋስ ነው። ሁለት ምሁራን ከነባለቤቶቻቸው ወደ ሩሌት ጠረጴዛ ይጠጋሉ። አንደኛው ክሎድ ሻነን ነው፤ ስልካችንም ኢንተርኔታችንም የቆሙበትን የመረጃ ንድፈ ሐሳብ ለዓለም ያበረከተው ሰው። ሁለተኛው ኤድዋርድ ቶርፕ የሚባል ወጣት የሒሳብ ሊቅ ነው። ሻነን ከሚሽከረከረው መንኮራኩር አጠገብ ቆሞ የወጡትን ቁጥሮች በወረቀት ይመዘግባል። ላየው ሰው ዕድሉን በቁጥር ለማጥመድ የሚደክም ተራ ቁማርተኛ ነው። ጫማው ውስጥ ግን በአውራ ጣቱ የሚጫናት ማብሪያ ተደብቃለች። መንኮራኩሩ አንድ ዙር ሲዞር ይጫናታል፤ ኳሷ አንድ ዙር ስትዞር ይጫናታል። ልብሱ ሥር ያለው፣ የሲጋራ ፓኮ የሚያህለውና 12 ትራንዚስተር የተገጠመለት ኮምፒውተር ከእነዚህ ጊዜያት ተነሥቶ ኳሷ ከመንኮራኩሩ ስምንት ክፍሎች በየትኛው ልታርፍ እንደምትችል ይገምታል። ግምቱ በሬዲዮ ወደ ቶርፕ ይሄዳል። ቶርፕ ጆሮው ውስጥ በተሸጎጠች ደቃቅ ድምፅ ማጉያ ቃናውን ይሰማል፤ ስምንት ቃና ለስምንት ክፍል። ቶርፕ ይወራረዳል።

እንደ ስሌታቸው ከውርርዱ 44 በመቶ ትርፍ ይጠበቅ ነበር። ችግሩ ሽቦው ነው። ወደ ጆሮ የሚሄደው ሽቦ እንዳይታይ ሲባል እንደ ፀጉር ስለቀጠነ በየጊዜው ይበጠስ ነበር፤ በተበጠሰ ቁጥር ጨዋታውን አቋርጦ መጠገን፣ ገላ ላይም እንደገና መዘርጋት ግድ ይላል። አንድ ጊዜማ አጠገቡ የተቀመጠች ሴት ቶርፕን አይታ ክው አለች። ለካስ ድምፅ ማጉያዋ ከጆሮው ሾልካ እንደ እንግዳ ነፍሳት ብቅ ብላ ኖሯል። ቶርፕ ነገሩን በ1966 በጽሑፍ ይፋ አደረገው። የኔቫዳ ግዛትም በ1985 በቁማር ቤት ውስጥ እንዲህ ባለ መሣሪያ መጠቀምን በሕግ ከለከለ። ብዙዎች ያንን ዕቃ የመጀመሪያው ተለባሽ ኮምፒውተር ይሉታል።

እኔን በዚህ ታሪክ የሚስበኝ ያ ሽቦ ነው። ሲበጠስ ማን ጠገነው? የለበሰው ሰው። ለምን ቢባል፣ የሠራውም እሱ ነበርና። ሠሪ፣ ለባሽና ጠጋኝ በአንድ ሰው ውስጥ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው እየረቀቀ በሄደ መጠን ሦስቱ ተለያዩ። ሠሪው ሌላ፣ ለባሹ ሌላ ሆነ፤ ጠጋኝ የሚባለው ደግሞ ከናካቴው ጠፋ። ዛሬ ላወራላችሁ የመጣሁት ሦስቱን መልሰው ለማገናኘት ስለሚታገሉ ሰዎች ነው። ስለ መሣሪያዎቹም አነሣለሁ፤ ነገር ግን አንዱን ሞዴል ተናግሬ ሳልጨርስ ሌላው ስለሚወጣ በእነሱ ላይ ብዙ አልደክምም።

(እዚህ ላይ ከኪሴ አንድ ጥቁር የጎማ አምባር አውጥቼ ለታዳሚው አሳየሁ።)

ይህ ከዓመታት በፊት የገዛሁት የእርምጃና የእንቅልፍ ቆጣሪ ነው። ስክሪን የለውም፤ ያሉት አምስት ጥቃቅን መብራቶች ብቻ ናቸው። የቆጠረውን ለስልኬ ይነግራል፤ ስልኬ ለኩባንያው ሰርቨር፣ ማለትም መረጃውን ለሚያጠራቅመው የሩቅ ኮምፒውተር፣ ያስተላልፋል፤ ሰርቨሩ አስልቶ መልሶ ለእኔ ያሳየኛል። የራሴን እርምጃ ለማወቅ ሌላ አገር ደርሶ የሚመለስ መልእክተኛ ያስፈልገኝ ነበር ማለት ነው። አንድ ቀን ስሙን የማልጠራው አምራቹ ኢሜይል ላከልኝ፤ ትሕትና የተሞላበት ደብዳቤ ነው፤ ከዚህ ቀን በኋላ አገልግሎቱን እናቋርጣለን ይላል። ቀኑ ደረሰ። መተግበሪያው የይለፍ ቃሌን አልቀበልም አለ። የሁለት ዓመት ተኩል እርምጃዬና እንቅልፌ በዚያው ቀረ። አምባሩ ግን አልተሰበረም። ባትሪው ይሞላል፣ መብራቱ ይበራል፣ ክንዴን ሳወዛውዝ ይቆጥራል። የቆጠረውን የሚነግረው አጣ እንጂ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ሲባል እሰማ ነበር። በገዛ ገንዘቤ የገዛሁት ዕቃ የተዋስኩት ወርቅ መሆኑ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

እንግዲህ እጃችሁ ላይ ስማርት ሰዓት ያላችሁ፣ አውልቃችሁ ጀርባውን እዩት። አረንጓዴ ብርሃን ብልጭ ድርግም ይላል። ለምን አረንጓዴ ሆነ? ደም ቀይ ሆኖ የሚታየን ቀዩን ብርሃን መልሶ አረንጓዴውን ስለሚውጥ ነው። ልብ በመታ ቁጥር ወደ እጅ አንጓ የሚደርሰው ደም ለቅጽበት ይበዛል፤ የሚዋጠው ብርሃን ይጨምራል፤ ወደ ሰዓቱ የሚመለሰው ያንሳል። በሁለት ምት መካከል ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ሰዓቱ የሚያየው ይህን የብርሃን መጉደልና መሙላት ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ የልብ ምታችሁ ይህን ያህል ነው ይላል። ዘዴው ከ1930ዎቹ ጀምሮ በሕክምና ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። አዲሱ ነገር ከሳንቲም ባነሰ ቦታ ውስጥ መግባቱ ነው።

እርምጃውንስ እንዴት ያውቀዋል? ውስጡ ከሲሊኮን የተቀረጸች፣ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ቅንጣት በደቃቅ ሞላዎች ተንጠልጥላለች። ክንዳችን ሲወዛወዝ እሷም ትወዛወዛለች፤ የእሷ መወዛወዝ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለወጣል። መኪና ሲጋጭ የአየር ከረጢቱን የሚያስከፍተው ዳሳሽ (ሴንሰር) የዚህችው ዘመድ ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ ዳሳሹ ያየው መወዛወዝን ብቻ ነው። «እርምጃ» የሚለውን ስም የሰጠው ስሌቱ ነው። ስለዚህ ልብስ በእጁ የሚያጥብ ሰው አንድ ቦታ ቆሞ ሲራመድ ይውላል፤ የሕፃን ጋሪ በሁለት እጁ የሚገፋ አባት ደግሞ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ እንደ ቆመ ይቆጠራል። እንቅልፍ ላይ ግምቱ ይብሳል። በሕክምና ተቋም የእንቅልፍ ደረጃ የሚለየው ራስ ላይ በሚለጠፉ ገመዶች የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በመከታተል ነው። ሰዓታችን አንጎላችንን አያይም፤ ከመነቃነቃችንና ከልብ ምታችን ተነሥቶ ይገምታል፤ ጠዋት ግን ግምቱን በልበ ሙሉነት በመቶኛ አስልቶ ያቀርብልናል።

እኔ ራሴ ጠግቤ ተኝቼ፣ ንቁ ሆኜ ከተነሣሁ በኋላ አምባሩ «የተኛኸው መጥፎ እንቅልፍ ነው» ስላለኝ ብቻ ቀኑን ሙሉ ሲደክመኝ የዋልኩባቸው ቀናት ነበሩ። ይህ የእኔ ሞኝነት ብቻ ይመስለኝ ነበር። በ2017 የእንቅልፍ ተመራማሪዎች መሣሪያው የሚሰጠውን ቁጥር ፍጹም ለማድረግ ሲጨነቁ እንቅልፍ ያጡ ሰዎችን ገልጸው ለችግሩ «ኦርቶሶምኒያ» የሚል ስም አወጡለት። ብቻዬን አለመሆኔን ሳውቅ፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ታዋቂዋን 10,000 እርምጃም እናንሣት። በ1965 አንድ የጃፓን ኩባንያ ወገብ ላይ የሚታሰር እርምጃ ቆጣሪ ለገበያ አቀረበ፤ ስሙም «ማንፖ ኬይ» ነበር፤ ትርጉሙ የ10,000 እርምጃ መለኪያ ማለት ነው። ለማስታወስ የሚመች ክብ ቁጥር በመሆኑ ዓለምን ዞረ፤ ዛሬ የሐኪም ትእዛዝ የሚመስለን በንግድ ስም የጀመረ ቁጥር ነው። በ2019 በአማካይ 72 ዓመት የሆናቸውን ከ16,000 በላይ ሴቶች የተከታተለ ጥናት ታትሞ ነበር። በቀን ወደ 4,400 እርምጃ የሚራመዱት 2,700 ገደማ ከሚራመዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በግልጽ ያነሰ ነበር፤ ጥቅሙም 7,500 አካባቢ ሲደርስ መጨመሩን አቆመ። 6,000 ተራምዶ ራሱን ሲወቅስ የሚያድር ሰው ይህን ይስማ።

ከዚህ የከበደው ጉዳይ ቆዳ ነው። ብርሃን ቆዳን አልፎ ገብቶ ቆዳን አልፎ መመለስ አለበት። አፕል የመጀመሪያውን ሰዓቱን በ2015 ሲያወጣ እጃቸው አንጓ ላይ ጥቁር ንቅሳት ያላቸው ገዢዎች ሰዓቱ የልብ ምታቸውን እንደማያነብ ደረሱበት፤ ኩባንያውም ንቅሳት ንባቡን ሊያውክ እንደሚችል በመመሪያው ላይ ጻፈ። ችግሩን ለአደባባይ ያወጡት ለባሾች መሆናቸውን ልብ በሉ። በ2020 መጨረሻ ደግሞ ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ በሚመለከት በአሜሪካ ሐኪም ቤቶች የተገኘ ውጤት ታተመ። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ኦክስጅን አላቸው ካላቸው ሕሙማን መካከል በደም ምርመራ ሲታዩ ከ88 በመቶ በታች ሆነው የተገኙት ከነጮቹ 3.6 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ ነበሩ። ሦስት እጥፍ ገደማ። መሣሪያው በጥቅም ላይ የዋለው ከ1970ዎቹ ጀምሮ መሆኑን ስታስቡ ይህ ጥያቄ በስፋት ለመነሣት ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ ይገባችኋል። አንድ መለኪያ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ ሲሠራ ማን ላይ ተለካ የሚለውን ነው።

አሁን ወደ ሰዎቹ።

በ2007 ጋሪ ዎልፍና ኬቪን ኬሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ጋዜጠኞች ራሳቸውን በቁጥር የሚከታተሉ ሰዎች እየበዙ መሆኑን ተመልክተው ለእንቅስቃሴው ስም አወጡለት፤ «የተለካ ራስ» ብለን ልንተረጉመው እንችላለን። በቀጣዩ ዓመት በኬሊ ቤት ጥቂት ሰዎች ተሰበሰቡ፤ ከዚያ ስብሰባው በየከተማው ተባዛ። የስብሰባው ሥርዓት ቀላል ነው፤ ተናጋሪው ሦስት ጥያቄ ይመልሳል። ምን አደረግህ? እንዴት አደረግኸው? ምን ተማርክ? ወረቀትና እርሳስ ይዞ የመጣም ተናግሯል፤ ዳሳሽ በገዛ እጁ የበየደም ተናግሯል። አንዳንዱ ነገር ያስቃል፤ የጠጣውን ቡና ሁሉ ለዓመታት የመዘገበ ሰው ምን ሊነግረን ነው ያሰኛል። ግን ሦስተኛዋን ጥያቄ ተመልከቱ። ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው አምባር የሚመልሰው የመጀመሪያዋን ብቻ ነው፤ ይህን ያህል ተራመድክ፣ ይህን ያህል ተኛህ። ምን ተማርክ የሚልህ ሌላ ሰው ነው፤ እፊትህ ተቀምጦ የሚሰማህ።

ቁጥር ብቻውን ሰውን እንደማይለውጥ የሚያሳይ ጥናትም አለ። በ2016 ውጤቱ የታተመ፣ ክብደት መቀነስ በሚፈልጉ 470 ያህል ወጣቶች ላይ ለሁለት ዓመት የተካሄደ ሙከራ ነው። ሁሉም ምክር አግኝተዋል፤ ከስድስት ወር በኋላ ግማሾቹ ክንዳቸው ላይ የሚታሰር መከታተያ ተጨመረላቸው። መሣሪያውን ያሰሩት በአማካይ 3.5 ኪሎ ሲቀንሱ ያላሰሩት 5.9 ኪሎ ቀነሱ። መሣሪያው አሰናከላቸው ብዬ አልደመድምም። ነገር ግን ጤና አምባር ላይ ታስሮ የሚመጣ የሚመስለው ካለ ይህን ውጤት ያስብበት።

ቀጥሎ የማነሣው ማኅበር የተወለደው ከሞት ነው። በ2012 ኤሪክ ሚጊኮቭስኪ የሚባል ወጣት «ፔብል» የተሰኘ ስማርት ሰዓት ለመሥራት ከሕዝብ 100,000 ዶላር ለመነ። ወደ 69,000 የሚጠጉ ሰዎች ከ10.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡለት። ሰዓቱ ቀላል ነበር፤ ባትሪው ለቀናት ይቆያል፤ ከሁሉ በላይ ግን ማንም ሰው ፕሮግራም እንዲጽፍለት በሩ ክፍት ነበር። ብዙዎች ጻፉለት። በ2016 መጨረሻ ኩባንያው ወድቆ ንብረቱ ፊትቢት ለተባለ ሌላ የተለባሽ መሣሪያ ኩባንያ ተሸጠ፤ ሰርቨሮቹም በሰኔ 30 ቀን 2018 ተዘጉ። እስከዚህ ድረስ የእኔው አምባር ታሪክ ነው። ልዩነቱ ከዚህ ይጀምራል። የፔብል ወዳጆች ቀኑ ከመድረሱ በፊት የመተግበሪያ መደብሩን ገልብጠው አስቀመጡ፤ «ሬብል» የሚል ስም ያለው የራሳቸውን አገልግሎት አቆሙ፤ ስሙ የሰዓቱን ስምና «አመጸኛ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አቀላቅሎ የያዘ ነው። ብዙ ወጪ ለሚጠይቁት የአየር ሁኔታና የድምፅ አገልግሎቶች አባላት በየወሩ ጥቂት ዶላር ያዋጣሉ። ሰርቨሩ ሲዘጋ ብዙ ሰዓቶች አዲስ አድራሻ አግኝተው ሥራቸውን ቀጠሉ። በጥር 2025 ደግሞ ፊትቢትን የገዛው ጉግል የሰዓቱን ሶፍትዌር ምንጭ ኮድ ለሕዝብ ለቀቀ፤ ሚጊኮቭስኪም አዳዲስ ሰዓቶች ለመሥራት ተመለሰ። በ2016 ተቀበረ የተባለ ሰዓት ማለት ነው።

በሌላ ወገን ይህን አስቀምጡት። በ2024 ደረት ላይ የሚሰካ፣ ስልክን ይተካል የተባለለት የሂዩሜን ኩባንያ ፒን በ699 ዶላርና በወርኃዊ ክፍያ ገበያ ወጣ። በየካቲት 2025 ኮምፒውተር ሠሪው ኤችፒ የኩባንያውን አብዛኛውን ንብረት በ116 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ ወሩ ሳያልቅ ፒኖቹ ከሰርቨሩ ተቆረጡ። ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። የሚያለቅስላቸውም፣ የሚያስነሣቸውም በቂ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ልቤ ቅርብ ወደሆነው ደረስኩ፤ እዚህ ላይ ብዘገይ ታገሡኝ።

የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት አቁሟል። ኢንሱሊኑን በየዕለቱ ከውጭ ራሱ መጥኖ መውሰድ አለበት። ሲበዛበት ስኳሩ ይወርዳል፤ ሌሊት ክፉኛ ከወረደ ላይነቃ ይችላል። ሲያንሰው ስኳሩ ይወጣል፤ ከፍ ብሎ ከቆየ ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ ነርቭን ይጎዳል። እንግዲህ ለዚህ ሰው የሚለበስ መሣሪያ መጣለት፤ ፀጉር የምታህል ዳሳሽ ከቆዳ ሥር ትገባና በየአምስት ደቂቃው የስኳሩን መጠን ትናገራለች። ትልቅ በረከት ነው። ችግሩ የምትናገረው አጠገቧ ላለች ትንሽ መቀበያ ብቻ መሆኑ ነበር። ልጁ ከቤት ርቆ ሲውል፣ ሥራ ቦታ የተቀመጠ አባት ምንም አያይም።

በ2013 ጆን ኮስቲክ የተባለ አሜሪካዊ የሶፍትዌር ባለሙያ ልጁ በዚህ ሕመም የተያዘበት አባት ነበር። መቀበያውን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ቁጥሮቹን የሚያነብበትን መንገድ አገኘ፤ ከዚያም በስልክ አድርጎ ወደ ኢንተርኔት ሰደዳቸው። ቢሮው ተቀምጦ የልጁን ስኳር ማየት ቻለ። ይህንን በአደባባይ ሲናገር ሌሎች ወላጆች «ለእኛም!» አሉ። ኮዱ ተሰጠ፤ «ናይትስካውት» ተባለ፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በሺሕ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ተቀባበሉት። ኮድ ጽፈው የማያውቁ እናቶች ሌሊት ሌሊት እርስ በርስ እየተረዳዱ ሰርቨር ሲያቆሙ ነበር። መፈክራቸው አንድ ነው፤ «አንጠብቅም»።

ዳና ሉዊስ የምትባል ወጣት ደግሞ ሌላ ችግር ነበረባት። ሕመሙ አለባት፣ ብቻዋን ትኖራለች፣ እንቅልፏ ከባድ ነው፤ ስኳሯ ሌሊት ሲወርድ የመሣሪያው ድምፅ አይቀሰቅሳትም። ለአምራቾች ብታመለክትም መፍትሔ አላገኘችም። የእሷ ልመና ይህችን ታህል ነበር፤ ጮክ የሚል ማንቂያ። የኮስቲክን ኮድ ስታገኝ ቁጥሩን ወደ ስልኳ አመጣችና ማንቂያውን እንደፈለገችው አስጮኸችው። ከዚያ እሷና ጓደኞቿ አንድ እርምጃ ሄዱ፤ ቁጥሩ ካለን ወዴት እንደሚሄድ ለምን አንተነብይም አሉ። ከዚያም፣ ትንበያው ካለን ለምን ኢንሱሊን የሚሰጠውን ፓምፕ ራሱ እንዲታዘዝ አናደርገውም አሉ። በ2015 መጀመሪያ አሠራሩን «ኦፕን ኤፒኤስ» በሚል ስም ለሁሉም በነፃ አወጡት። ይህን ሲያደርጉ በዓለም ገበያ ላይ እንዲህ ያለ ራሱን የሚያስተካክል መሣሪያ ገና አልነበረም፤ የመጀመሪያው የንግድ መሣሪያ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርን ፈቃድ ያገኘው በመስከረም 2016 ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው የሚያስገርም ነው። ፓምፑን በሬዲዮ ለማዘዝ የሚቻለው የደኅንነት ክፍተት ባለባቸው አሮጌ ፓምፖች ብቻ ነበር። ባለሙያዎች አደገኛ ጉድለት ያሉትን ክፍተት እነዚህ ሰዎች እንደ በር ተጠቀሙበት፤ ዋስትናው ያለቀበት፣ መሳቢያ ውስጥ የተጣለ አሮጌ ፓምፕ ከአዲሱ ይልቅ ተፈላጊ ሆነ። ሁለተኛው ነገር ሥርዓታቸው ነው። ያልተፈቀደ የሕክምና መሣሪያ ማሰራጨት ክልክል ስለሆነ ማንም ለማንም የተሠራ ዕቃ አይሰጥም። ኮዱና መመሪያው ለሁሉ ክፍት ነው፤ እያንዳንዱ ግን የራሱን በገዛ እጁ ይሠራል። ይህ ሕግን ለማክበር የወጣ ደንብ ነው፤ ያመጣው ውጤት ግን ሌላ ነው። ለባሹ መሣሪያው ምን እንደሚያደርግና ለምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱን ደረጃ አንብቦ ሠርቶታል። ሻነንና ቶርፕ ወደነበሩበት ቦታ ተመልሰናል ማለት ነው።

አደጋ የለውም ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አለው። ሐኪም አይደለሁም፤ ቤታችሁ ገብታችሁ ፓምፕ ፍቱ እያልኩም አይደለም። ግን ነገሩ በተመራማሪዎች እጅ ተፈትኗል። በኒው ዚላንድ በ97 ሰዎች ላይ ለ24 ሳምንታት የተካሄደ ሙከራ በ2022 ታትሟል። ይህንን ክፍት አሠራር የተጠቀሙት ስኳራቸው በጤናማ ክልል ውስጥ የቆየበት ጊዜ 71.2 በመቶ ደረሰ፤ ዳሳሽና ፓምፕ ኖሯቸው ይህ አሠራር ያልተሰጣቸው 54.5 በመቶ ላይ ቀሩ። ልዩነቱ ሲሰላ በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ ነው። በጥር 2023 ደግሞ ከዚሁ ማኅበረሰብ የወጣ «ሉፕ» የተባለ ሥራ በአንድ በጎ አድራጊ ድርጅት በኩል ቀርቦ ከአሜሪካው አስተዳደር ፈቃድ አገኘ። «አንጠብቅም» ያሉት ሰዎች ሥራ በስተመጨረሻ በመደበኛው በር ገባ።

ከሕመም ወጣ ብለን ጥቂት እንተንፍስ። በ2007 ሊያ ቢውክሊ የምትባል ተመራማሪ የሠራችው «ሊሊፓድ» የተባለ ሰሌዳ ለገበያ ቀረበ፤ እንደ አበባ ክብ ነው፤ ጠርዙ ላይ ቀዳዳ አለው፤ በኤሌክትሪክ አስተላላፊ ክር ጨርቅ ላይ ይሰፋል። መበየጃ የማያስፈልገው፣ መርፌ የሚበቃው ኤሌክትሮኒክስ። ብስክሌተኛ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ጀርባው ላይ ቀስት የሚያበራ ጃኬት ሠርታበታለች። ወንዶች በሞሉበት የኤሌክትሮኒክስ ሠሪዎች መንደር ሴቶች በብዛት የገቡበት በር ይህ ሰሌዳ ሆነ። ልብስ ሰፊና መሐንዲስ በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ ምን ያህል አዲስ ጥያቄ እንደሚወለድ ያየ ሰው ይህንን አይንቅም።

ማኅበር ሁሉ ግን ደግ አይደለም፤ ቢያንስ ጥንቁቅ አይደለም። ሯጮችና ብስክሌተኞች መንገዳቸውን የሚጋሩበት ስትራቫ የተባለ መተግበሪያ በኅዳር 2017 የተጠቃሚዎቹን እንቅስቃሴ ሁሉ በአንድ የዓለም ካርታ ላይ አብርቶ አወጣ። ከተሞች እንደ ፍም ያበራሉ፤ በጣም ያምራል። በጥር 2018 አንድ የ20 ዓመት አውስትራሊያዊ ተማሪ ካርታውን እያጎላ ሲመለከት፣ ምንም ሊበራ በማይገባው በረሃ ውስጥ አራት ማዕዘን መስመሮች አየ። ወታደሮች የጦር ሰፈራቸውን አጥር እየዞሩ ሲሮጡ ሰዓታቸው የሣለው ሥዕል ነበር። የአንድ ሰው ሩጫ ምንም አይደለም፤ የሁሉም ሩጫ ሲደመር ግን ማንም እንዲያይ ያላሰበው ካርታ ይሆናል። ስም ተፍቆ ነበር። ስም መፋቅ አልበቃም።

መነጽሮቹም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ጉግል በ2013 ባለ ካሜራ መነጽሩን ለሙከራ በ1,500 ዶላር ሲሸጥ ቴክኖሎጂው ያስደነቀውን ያህል አድራጊዎቹ ተሰደቡበት፤ መጠጥ ቤቶች ደጃቸው ላይ «መነጽሩን አውልቁ» የሚል ጽሑፍ ለጠፉ፤ በ2015 ለሕዝብ መሸጡ ቆመ። አሁን ካሜራው ተራ መነጽር በሚመስል ፍሬም ውስጥ ተመልሶ መጥቷል፤ ሲቀርጽ የምትበራ ትንሽ አምፖል ብቻ አለችው። ከሰዓት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሰዓቴ የሚለካው እኔን ነው፤ ችግሩም ጥቅሙም የእኔ ነው። መነጽርህ የሚለካው እኔን ነው። ስለዚህ ስለ መነጽር ስንወያይ አድራጊዎቹ ብቻ ተሰብስበው ቢወስኑ አይበቃም፤ ያላደረጉትም ወንበር ይሳብላቸው።

አካሄዱ ወዴት ነው ለምትሉኝ በአጭሩ ልመልስ። አንደኛ፣ መሣሪያው ወደ ሕክምና እየገባ ነው። በ2019 የታተመው የአፕልና የስታንፎርድ ጥናት 419,297 ሰዎችን አሳትፏል፤ ሰዓታቸው የልብ ምታችሁ የተዛባ ይመስላል ያላቸው 0.52 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የሚያስጮኸው ከብዙ ጥቂቱን ነው ማለት ነው። በ2024 ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ የስኳር ዳሳሽ በአሜሪካ ተፈቅዷል። ሁለተኛ፣ መሣሪያው እየጠፋ ነው፤ ከሰዓት ወደ ቀለበት እያነሰ ነው። ሦስተኛው አይጥመኝም፤ ዕቃ ሸጦ መሄድ ቀርቶ በየወሩ ማስከፈል መጥቷል። የፊንላንዱ ኦውራ በ2021 ሦስተኛውን ቀለበቱን ሲያወጣ ሙሉውን መረጃ ለማየት በወር 5.99 ዶላር ጠየቀ። ጣቴ ላይ ላለ ቀለበት ኪራይ ልከፍል ነው።

ብዙ ሰው «የትኛውን ልግዛ?» ይለኛል። ስም አልጠራም፤ ግን እኔ ከመግዛቴ በፊት የማደርገውን ልንገራችሁ። ስልኬን ከኢንተርኔት ላይ ነቅዬ ይህ ዕቃ ምን ይሠራል ብዬ እጠይቃለሁ። ያለፈውን ቁጥሬን በፋይል አውርጄ ማስቀመጥ እችል እንደሆነ አያለሁ። ከዚያ «ጋጀትብሪጅ» ወደሚባለው መተግበሪያ እሄዳለሁ፤ ፈቃደኞች ከ2015 ጀምሮ የሚያበለጽጉት ነፃ ሥራ ነው፤ የብዙ ኩባንያዎችን ሰዓቶችና አምባሮች ያለ አምራቹ ሰርቨር ከስልክ ጋር ያነጋግራል። የምፈልገው ዕቃ በዝርዝሩ ውስጥ ካለ፣ የሆነ ቦታ አንድ ሰው ማታ ማታ ተቀምጦ ቋንቋውን ተምሮለታል ማለት ነው።

ይህ አምባር በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል እመለከታለሁ። ዛሬ ጠዋት ባትሪውን ሞልቼ አመጣሁት፤ እስካሁን ከመድረኩ ወዲያና ወዲህ ስል ሲቆጥር ነበር። ከፊት ረድፍ ላሉት ልስጣቸውና እየተቀባበላችሁ እዩት። ሁለት ጊዜ መታ መታ ስታደርጉት መብራቶቹ ይበራሉ።

እሺ፣ ጥያቄ ያለው?